ፓራለለፓይፐድ፦ በኢ ወይስ በኦ? «ፓይ» ወይስ «ፒ»?

ጥያቄው የመጣው ሀዋሳ ከምትማር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። ፓራለለፓይፐድ ማለት ስድስቱም ገጾቹ ፓራሌሎግራም የሆኑ ጠጣር ቅርጽ ነው፤ ኢ፣ ኦ እና አይ የምንላቸው ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው።

«መምህር፣ የማትስ ፕሬዘንቴሽን አለብን። ርዕሱ የሦስት ቬክተሮች ስካላር ትሪፕል ፕሮዳክት ነው። ስላይዱ ላይ ፓራለለፓይፐድ የሚለውን ቃል በኢ ጻፍኩት። የግሩፓችን ልጅ ‹እንደ ፓራሌሎግራም በኦ ነው› ብሎ ቀየረው። ሃንድአውታችን ላይ ደግሞ በአይ ተጽፏል። አነባበቡ ላይም አልተስማማንም፤ አንዱ ‹ፓይፐድ› ይላል፣ አንዱ ‹ፒፔድ›። ዶርም አብራኝ ያለች የግብርና ተማሪ ‹ፓይፕ ቧንቧ ነው፣ ፔድ እግር ነው፣ በቃ ትይዩ እግር ያለው ነገር ማለት ነው› ብላ ዘጋችው። የቱ ነው ትክክል? ፈተና ላይ ያስቆርጣል? በአማርኛስ ምን ብንለው ይሻላል?»

መልሱን አስቀድሜ ምክንያቱን ከኋላ አመጣለሁ። በኢ ጻፊው። እንግሊዝኛ ስታወሪ «ፓይ» በይው። ቃሉ ውስጥ ቧንቧ የሚባል ነገር የለም። እግሩ ግን ትንሽ ታሪክ አለው፤ ጓደኛሽ ሙሉ በሙሉ አልሳተችም፣ እደርስበታለሁ።

ከስፔሊንጉ እንጀምር። ፊደል በፊደል እንዲህ ነው፦ ፒ፣ ኤ፣ አር፣ ኤ፣ ኤል፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤል፣ ኢ፣ ፒ፣ አይ፣ ፒ፣ ኢ፣ ዲ። 14 ፊደል። የመጀመሪያዎቹ 8 ፊደላት ከታች ክፍል ጀምሮ የምታውቁት «ፓራለል» ናቸው። አንድ አር፣ ሁለት ኤል፣ ኢ፣ ከዚያ አንድ ኤል ብቻ። የመጨረሻዎቹ አምስቱም፣ ማለትም ፒ፣ አይ፣ ፒ፣ ኢ፣ ዲ፣ ማንም አልተጣላባቸውም። ጸቡ ያለው 9ኛው ፊደል ላይ ነው። አንቺ ኢ፣ የግሩፑ ልጅ ኦ፣ ሃንድአውቱ አይ ያላችሁት ይህችኑ አንድ ፊደል ነው። ጽፈሽ ስትጨርሺ አንድ ማረጋገጫ አለ፦ ቃሉ ውስጥ ሦስት ኤል፣ ሦስት ፒ እና ሦስት ኢ መገኘት አለባቸው። ሦስት ሦስት ካልሞሉ አንዱ ጎድሏል ወይም ተቀይሯል።

ለምን ኢ ሆነ? ነገሩ ቃሉ የት ላይ እንደሚቆረጥ ነው። አብዛኛው ሰው «ፓራለል» ይልና ቀጥሎ ያለውን ድምፅ እንደ ማያያዣ ቆጥሮ «ፓይፐድ» ብሎ ይጨርሳል። እንደዚያ ከተቆረጠ መሐል ያለው ፊደል ምንም ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ኢም ቢሆን ኦም ቢሆን ማያያዣ ነው። ቃሉን የሠሩት ግሪኮች ግን እንደዚያ አልቆረጡትም። የነሱ ሁለት ክፍሎች «ፓራሌሎስ» እና «ኤፒፔዶን» ናቸው። «ፓራሌሎስ» ራሱ ከ«ፓራ» እና ከ«አሌሎን» የተሠራ ነው፤ ጎን እና እርስ በርስ፣ ማለትም ጎን ለጎን ያሉ። «ኤፒ» ላይ ማለት ነው፣ «ፔዶን» መሬት። አንድ ላይ ሲሆኑ መሬት ላይ የተኛ፣ ደልዳላ፣ ለጥ ያለ የሚል ስሜት ይሰጣሉ፤ በጂኦሜትሪ «ኤፒፔዶን» እናንተ ፕሌን የምትሉት ጠፍጣፋ ገጽ ሆነ። ስለዚህ ሙሉው ስም ትይዩ ጠፍጣፋ ገጾች ያሉት ማለት ነው። ቅርጹም ልክ ይሄው ነው፦ ስድስት ገጽ አለው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ሁለቱ ትይዩ ናቸው። 9ኛው ኢ እንግዲህ የ«ኤፒ» የመጀመሪያ ፊደል ነው። እሱን ካወጣሽ «ኤፒ» ይፈርሳል፣ የሚቀረው «ፒፔዶን» ደግሞ ለብቻው ምንም ትርጉም አይሰጥም።

የዶርም ጓደኛሽ እዚህ ጋ ከእኔ የተሻለ ምስክር ናት። የአፈር ሳይንስ ስትማር «ኤፒፔዶን» የሚለውን ቃል ሙሉውን ታገኘዋለች። በአሜሪካኖቹ የአፈር አመዳደብ ለላይኛው የአፈር ንጣፍ የተሰጠ ስም ነው፤ «ሞሊክ ኤፒፔዶን» ሲሉ ወፈር ያለውን፣ ጠቆር ያለውን፣ ብስባሽ የበዛበትን የላይ አፈር ማለታቸው ነው። ያው «ኤፒ»፣ ያው «ፔዶን»። የአፈር ጥናትም «ፔዶሎጂ» የተባለው ከዚሁ መሬት ከሚለው ቃል ነው። እንግዲህ የእናንተ የማትስ ቃል ግማሹ እሷ ደብተር ላይ አለ፣ ያውም በኢ ተጽፎ።

ሌላኛው ግማሽ ደግሞ ባዮሎጂ ላይ አለ። «አሊል» የሚባለውን የጂን አማራጭ መልክ ታስታውሻለሽ፤ እሱም የመጣው እርስ በርስ ከሚለው ከዚያው ከ«አሌሎን» ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ኤ፣ ኤል፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤል፣ ኢ ነው። አሁን እነዚህን ስድስት ፊደላት ያዢና የኛን ቃል ከአራተኛው ፊደል ጀምረሽ እያቸው። ኤ፣ ኤል፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤል፣ ኢ። አሊል እንዳለ መሐል ላይ ቁጭ ብሏል! ከፊቱ ፒ፣ ኤ፣ አር፣ ከኋላው ፒ፣ አይ፣ ፒ፣ ኢ፣ ዲ። የሚያጨቃጭቃችሁ 9ኛው ፊደል የአሊል የመጨረሻ ኢ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ለማስታወሻ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ግን ለማስታወሻ ብቻ ያዢው፤ ያቺ ኢ በትውልዷ የ«ኤፒ» እንጂ የ«አሌሎን» አይደለችም፣ መምህር ቢጠይቅሽ እንዳታምታቺ።

ኦው ከየት መጣ ታዲያ? የግሩፑ ልጅ ራሱ ነግሯችኋል፣ ከፓራሌሎግራም። እዚያ ኦው ትክክል ነው። በግሪክኛ ሁለት ቃል ሲጋጠም ሁለተኛው በተነባቢ ከጀመረ መሐል ላይ ኦ ይገባል። «ግራሜ» መስመር ማለት ነው፣ በገ ድምፅ ይጀምራል፣ ስለዚህ ፓራሌሎ-ግራም። ሁለተኛው ቃል በአናባቢ ሲጀምር ግን ኦው ብዙ ጊዜ ይወድቃል። «ኤፒፔዶን» በአናባቢ ስለሚጀምር ኦው ቦታ የለውም። ልጁ ሕጉን ያውቃል፣ የተጠቀመበት ቦታ ነው የማይሆነው።

ደግሞ እሱ የመጀመሪያው አይደለም፣ ስለዚህ አትሳቁበት። ቃሉ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ገደማ በሠራው በግሪኩ የጂኦሜትሪ ሊቅ በኤውክሊድ መጽሐፍ፣ በ11ኛው ክፍል ውስጥ አለ። ያ ክፍል ከወረቀት ላይ ቅርጽ ወጥቶ ስለ ጠጣር ቅርጾች የሚጀምርበት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው እ.ኤ.አ. በ1570 ሄንሪ ቢሊንግስሊ ኤውክሊድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲተረጉም ነው። ቢሊንግስሊ የለንደን ነጋዴ ነበር፣ በኋላ የከተማዋ ከንቲባም ሆኗል። የሱ መጽሐፍ 11ኛው ክፍል ላይ ከገጹ ጋር የተለጠፉ የወረቀት ቁራጮች ነበሩ፤ አንባቢው እያነሳና እያጠፈ ቅርጹን ራሱ ያቆመው ነበር። እኔ እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ከ450 ዓመት በፊት ተማሪ በጠፍጣፋ ሥዕል ጠጣር ቅርጽ ማየት እንደሚቸግረው አስበው መፍትሔውን መጽሐፉ ውስጥ አስገብተውለታል። ወደ ስፔሊንጉ ስንመለስ፣ ቢሊንግስሊ 9ኛው ቦታ ላይ የጻፈው አይ ነው፣ መጨረሻውንም የግሪኩን «ኦን» ትቶለታል፦ ፓራለሊፒፔዶን። ሃንድአውታችሁ ላይ ያለው አይ እንግዲህ ዕድሜ አለው።

ኦው እየገነነ የመጣው በኋላ ነው። ቻርልስ ኸተን እ.ኤ.አ. በ1795 ባሳተመው የሒሳብ መዝገበ ቃላት በኦ ጻፈው። ኖህ ዌብስተርም በ1806 አሜሪካ ውስጥ ባወጣው መዝገበ ቃላት በኦ አስገባው። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ሰው ተከተላቸው፤ በአሮጌ የእንግሊዝኛ የሒሳብ መጻሕፍት ኦውን ብታገኚ የኅትመት ስህተት አይምሰልሽ። በ1989 የታተመው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግን የኦውንም የአዩንም አጻጻፍ ስህተት ብሎ አስቀምጧቸዋል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት የተለመደው በኢ ነው። ሦስት አጻጻፍ አየሁ ብለሽ ሦስቱንም እኩል ናቸው ብለሽ አትውሰጂ። ሦስቱም ታሪክ አላቸው፣ ከቃሉ አሠራር ጋር የሚሄደው ግን አንዱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እግሩ። እንግሊዝኛ ውስጥ «ፔድ» የሚል ድምፅ ከተለያየ ቦታ የመጣ ነው። የብስክሌት ፔዳል ላይ ያለው የላቲን እግር ነው። የሕፃናት ሕክምና፣ ፔዲያትሪክስ ላይ ያለው ደግሞ የግሪክ ልጅ ነው። ፔዶሎጂ ላይ ያለው የግሪክ መሬት ነው። የኛ ቃል ሙሉ በሙሉ ግሪክ ስለሆነ፣ እግር ቢፈለግ ኖሮ ግሪኩን እግር ነበር የምናየው። ግሪኩ እግር ደግሞ «ፖድ» ነው። ሰርቬየሮችና ካሜራ ያላቸው ልጆች የሚሸከሙት ትራይፖድ ሦስት እግር ያለው ማለት ነው። ፓራለለፓይፐድ ላይ ፖድ የለም። ጓደኛሽ ያልሳተችው የቱ ጋ ነው? ወደ ኋላ በጣም ከሄድን የግሪኩ «ፔዶን» መሬትና የላቲኑ እግር ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወጡ ዘመዳሞች ናቸው፤ መሬት እግር የሚረግጠው ነውና። ዘመድነቱ ግን ከኤውክሊድ በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል። ኤውክሊድ ቃሉን ሲጽፍ ያሰበው ጠፍጣፋ ገጽን ብቻ ነው፣ «እግር» ብለሽ ስላይድ ላይ ብትጽፊ ስህተት ነው። የቧንቧው ግን ምንም ዝምድና የለውም። የእንግሊዝኛው ፓይፕ ከላቲን እንደ ጫጩት መጮህ ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ዋሽንት ነበር፣ ቧንቧ የሆነው በኋላ ነው።

እግር በእርግጥ ያለበት የጂኦሜትሪ ቃል ከፈለጋችሁ ትራፒዝየም ነው። ግሪኩ «ትራፔዛ» አራት እግር ማለት ነው፣ ማለትም ያው ጠረጴዛ። የኛ ጠረጴዛ የመጣው ከዚሁ ከግሪኩ ነው፤ ጴ ራሷ ግዕዝ ውስጥ ከግሪክ ለሚመጡ ስሞች የምታገለግል ፊደል ናት፣ እንደ ጴጥሮስና ጰራቅሊጦስ። ትራፒዝየም ትንሽ ጠረጴዛ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ያ ያልኩሽ ኸተን በዚያው በ1795 መጽሐፉ ትራፒዝየምና ትራፒዞይድን አቀያየራቸው፣ አሜሪካኖች በሱ ቀሩ፣ እንግሊዞች ግን በኋላ ወደ ጥንቱ ተመለሱ። ስለዚህ እኛ የምንማርበት መጽሐፍ ትራፒዝየም የሚለውን፣ ሁለት ትይዩ ጎን ያለውን አራት ጎን፣ አሜሪካዊው የዩቲዩብ መምህር ትራፒዞይድ ይለዋል። ቪዲዮ አይታችሁ ስትጣሉ መጀመሪያ መምህሩ የየት አገር ሰው እንደሆነ እዩ።

አነባበቡ። ዛሬ በእንግሊዝኛ የተለመደው በስድስት ቁርጥ ነው፦ ፓ፣ ራ፣ ሌ፣ ለ፣ ፓይ፣ ፐድ። ጫናው አምስተኛው ላይ፣ «ፓይ» ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ በፊት ያሉትን ቶሎ ቶሎ አሳልፈሽ «ፓይ» ላይ ጠንከር በይ። አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ አንዱን ክፍል ለይቶ በጫና ስለማያወጣ እኛ ሁሉንም እኩል እየረገጥን እናነበዋለን፣ ቃሉም አልጨርስ ይላል። እንደ ሁለት ቃል፣ «ፓራለለ» እና «ፓይፐድ» አድርገሽ ተለማመጂው፣ ሁለት ሦስቴ ከደጋገምሽው ይፈታል።

ግን ስሚኝ፣ ችግሩ ሁሉ የተወለደው እዚሁ ጋ ነው። ስናነብ «ፓራለለ» እና «ፓይፐድ» ብለን ነው የምንቆርጠው፣ ሲሠራ ግን የተቆረጠው «ፓራለል» እና «ኤፒፔድ» ብሎ ነው። «ፓይ» ጎልቶ ሲወጣ «ኤፒ» ከጆሮ ጠፋ፣ ጆሮ ያልሰማውን እጅ በኦ ተካው። የቆየው የእንግሊዝኛ አነባበብ ሌላ ነበር፦ «ፓራለሌፒፔድ»፣ ጫናው «ሌ» ላይ። በሱ ጊዜ ኤፒው በደንብ ይሰማ ነበር። አሁን እንደዚያ የሚያነብ ብዙ ሰው አታገኚም፣ ብታገኚ ግን አልተሳሳተም።

«ፒፔድ» የሚለውስ? እሱን የሚሉትን መምህር አታርሟቸው። በግሪክኛው ጫናው «ፒ» ላይ ነው፣ ድምፁም ፒ ነው እንጂ ፓይ አይደለም። ጣሊያኑም ሩሲያውም ፒ ይላል፣ ፈረንሳዩም እንዲሁ። እኛ አገር ደግሞ ሩሲያ ተምረው የመጡ ብዙ የሒሳብና የኢንጂነሪንግ መምህራን ነበሩ፣ አሁንም አሉ፤ ከነሱ የተማሩትም ሌሎችን አስተምረዋል። «ፓራሌሌፒፔድ» ሲሉ ብትሰሚ ቃሉን በሌላ በር የተቀበሉት መሆኑን እወቂ። እንዲያውም የነሱ አነባበብ ለስፔሊንግ ይመቻል፤ እንደሚሉት ብትጽፊው አትሳሳቺም። ፕሬዘንቴሽኑ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን አንቺ በ«ፓይ» ሂጂ። አንድ ሰው እየተናገረ ግማሹን በፒ ግማሹን በፓይ ማደባለቅ ነው ጥሩ ያልሆነው፤ አድማጭ ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። እና ኦ ያለበትን፣ «ፓራለሎፓይፐድ» የሚለውን፣ በአፍም ቢሆን ተዉት። በአፍ የገባ ኦ እጅ ላይ ይወርዳል።

ያስቆርጣል ወይ ላልሽው፣ የሒሳብ ፈተና የሚያርም ሰው በ9ኛዋ ፊደል ነጥብ ይቆርጣል ብዬ አልጠብቅም። የሚያስቆርጠው ቅርጹን ሌላ ነገር ማድረግ ነው። ሦስት ስህተት ነው በብዛት የማየው። አንደኛው ከፓራሌሎግራም ጋር ማምታታት፤ ፓራሌሎግራም ጠፍጣፋ ነው፣ ስፋት አለው፣ ይሄኛው ግን ጠጣር ነው፣ ይዘት አለው፣ ገጾቹ ግን ስድስቱም ፓራሌሎግራም ናቸው። ሁለተኛው ስድስት ገጽ ያለው ሁሉ ፓራለለፓይፐድ ይመስላቸዋል። አናቱ የተቆረጠ ባለ አራት ማዕዘን ፒራሚድም ስድስት ገጽ አለው፤ ጎኖቹ ግን ትይዩ ስላልሆኑ ፓራለለፓይፐድ አይባልም። ሦስተኛው፣ በጣም የተለመደው፣ ቅርጹን ቀጥ ባለ ሳጥን ብቻ ማሰብ ነው። ኩቦይድ አንዱ ዓይነት ነው፣ ኩብም ሌላው፣ ገጾቹ ሁሉ ሮምበስ፣ ማለትም አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፓራሌሎግራም፣ የሆኑም አሉ። ሮምበሳሙን ለማየት ካልሳይት የሚባለው ማዕድን ይበቃል፣ ስትሰብሪው በዚያ ቅርጽ ነው የሚሰነጠቀው፤ ጀርመኖች ፓራለለፓይፐድን ራሱን ከዚህ ማዕድን ስም ወስደው «ሽፓት» ይሉታል። እንደነሱ ያጠረ ስም ቢኖረን ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልመጣ ነበር። በአጠቃላይ ግን ቅርጹ የተጋደመ ነው፣ ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ እንዲሆኑ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ለክፍል የማሳያ ዕቃ ከፈለጋችሁ ፎቶኮፒ ቤት ሄዳችሁ 500 ሉህ ያለውን አንድ እሽግ ኤፎር ወረቀት ያዙ። ማሸጊያውን አውጥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ኩቦይድ ነው። ከዚያ መዳፋችሁን ጎኑ ላይ አድርጋችሁ ከላይ በኩል ቀስ እያላችሁ ግፉት፣ ሉሆቹ አንዱ ባንዱ ላይ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታሉ፣ የፊት ገጹ ወደ ፓራሌሎግራም ይዘነበላል። ወደ ማዕዘኑ አቅጣጫ ብትገፉት ደግሞ በሁለት በኩል ይጋደማል። አሁን ልብ በሉ፦ ሉሁ አልቀነሰም፣ ቁመቱ አልተለወጠም፣ ስለዚህ ይዘቱ ያው ነው። ኤውክሊድ በ11ኛው ክፍል ያረጋገጠው ይሄንን ነው፤ መሠረታቸው አንድ የሆነ፣ ቁመታቸውም እኩል የሆነ ፓራለለፓይፐዶች ይዘታቸው እኩል ነው። ወረቀቱ የማያሳያችሁ አንድ ነገር አለ፣ መሠረቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል፤ በአጠቃላዩ ቅርጽ መሠረቱም ይጋደማል።

ቬክተር ላይ እንየው። ሦስቱ ቬክተሮች ከአንድ ጥግ የሚነሱት የቅርጹ ሦስት ጠርዞች ናቸው፤ ይዘቱን የምናገኘው በስካላር ትሪፕል ፕሮዳክታቸው፣ ማለትም ቁጥሮቻቸው ተደርድረው በሚሰላው ዲተርሚናንት ነው። አንደኛው ቬክተር 2፣ 0፣ 0 ይሁን። ሁለተኛው 1፣ 3፣ 0። ሦስተኛው 1፣ 1፣ 4። ዲተርሚናንቱን አውጪው፣ 24 ይሰጥሻል። የተጋደመ ቅርጽ ነው፣ ይዘቱ ግን ጎኖቹ 2፣ 3 እና 4 ከሆኑ ቀጥ ያለ ሳጥን ጋር እኩል ነው። አጋጣሚ አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ ያደረጋችሁት ያው ነው። መሠረቱ ፓራሌሎግራም ነው፣ ስፋቱ 6፣ ቁመቱ 4። እዚህ ላይ ነው ነጥብ የሚሄደው፦ ቬክተሮቹን በሌላ ቅደም ተከተል ብታስቀምጪ ኔጌቲቭ 24 ሊወጣ ይችላል፣ ይዘት ደግሞ ኔጌቲቭ አይሆንም፣ አብሶሉት ቫልዩ መውሰድ ግድ ነው። ዜሮ ከወጣ ደግሞ ሦስቱ ቬክተሮች አንድ ፕሌን ላይ ተኝተዋል ማለት ነው፣ ፓራለለፓይፐድ የለም፣ ጠፍጥፏል። «ኤፒፔዶን» ብቻ ቀረ ብትዪ ትክክል ነሽ።

በአማርኛ ምን እንበለው ላልሽው፣ ቃሉን እንዳለ በፊደላችን ፓራለለፓይፐድ ብላችሁ ጻፉት። ፓራሌሎግራምን እንዳለ ተቀብለናል፣ ይሄንንም መቀበል አያቅትም። በጳ ልጻፈው ካልሽ አትድከሚ፣ በእንግሊዝኛ በኩል ስለመጣ በፐ ይሻላል። መጀመሪያ ስትጠሩት ግን አንድ ጊዜ ፍቱት፦ ሦስት ጥንድ ትይዩ ገጾች ያሉት ጠጣር ቅርጽ። «ትይዩ» የሚለውን ቃል ተማሪው ስለሚያውቀው ፍቺው ራሱ ቅርጹን ያስይዘዋል። «ሳጥን» ብላችሁ አትተርጉሙት፣ «የተጋደመ ሳጥን»ም ቢሆን አልወደውም፤ ሳጥን ያሉት ሰው ወዲያው 90 ዲግሪ ነው የሚያስበው፣ ከዚያ ዲተርሚናንቱ ለምን እንዳስፈለገ አይገባውም።

ስላይዱን ዛሬውኑ አስተካክሉት። ፈልገሽ የምትተኪው ሁለት ስህተት ነው፣ የኦውና የአዩ፤ ርዕሱን፣ ሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍና የመጨረሻውን ገጽ አትርሺ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ብዙ ቁጥር ሲሆን መጨረሻው ላይ ኤስ ብቻ ጨምሪ። በ«ዳ» የሚያልቅ የግሪክ ብዙ ቁጥር አሮጌ መጻሕፍት ላይ ብታዪ ገልብጠሽ አታምጪው፣ ዛሬ የሚጠቀምበት እምብዛም የለም። ስታቀርቡ የቃሉን ነገር አንድ ደቂቃ አትስጡት፦ ፓራለል እና ኤፒፔዶን፣ ትይዩ እና ጠፍጣፋ ገጽ፣ በኢ ይጻፋል፣ በቃ። ቀሪውን ጊዜ ለወረቀቱና ለዲተርሚናንቱ አድርጉት።